የአሳታሚው ገጽ ምን ይላል? ፀረ አይሁድ ፎርጅድ መጽሐፍ እጅዎ ሲገባ

ጆንያው ላይ «ጅማ» ተብሎ ስለተጻፈ ውስጡ ያለው ቡና የጅማ ነው እንደማይባል ለጅማ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጆንያ ይፈታል፣ እጅ ይከተታል፣ ፍሬው መዳፍ ላይ ሆኖ ይታያል፣ ይሸተታል። መጽሐፍ ሲሆን ግን ያው ሰው ሽፋኑን አይቶ «የታተመ ነው» ብሎ ያልፋል። ይህ መመሪያ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ጅማ መርካቶ ውስጥና ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ለሚሸጡ፣ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ለሚሠሩ የተዘጋጀ ነው። መማሪያ ያደረግነው በዓለም ላይ ብዙ ከተሰራጩት ፎርጅዶች አንዱን፣ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የሚባለውን ነው። ዘዴው ለሌላውም ይሠራል።

መጽሐፉ 24 ክፍሎች አሉት። አይሁድ ዓለምን በስውር ለመግዛት የመከሩበት ቃለ ጉባኤ ነኝ ይላል፤ ውሸት ነው። የአማርኛው ርዕስ ራሱ ያደናግራል፦ «ጽዮን» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ አክሱም ይሄዳል፣ «ሽማግሌ» አስታራቂ ነው፣ «ፕሮቶኮል» ደግሞ ሱፍ ለብሶ እንግዳ የሚቀበል። እዚህ ላይ ግን ፕሮቶኮል ማለት ቃለ ጉባኤ ነው። እንግዲያው ለቃለ ጉባኤ የሚቀርበውን ጥያቄ እናቅርብለት። የሰፈር ዕድር ቃለ ጉባኤ እንኳ ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ አባላት ስምና ፊርማ አለው። ይሄኛው ቀን የለውም፣ የተሰበሳቢ ስም የለውም፣ ዋናው ቅጂም አንድም ቀን ቀርቦ አያውቅም።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ደብተር፣ አጉሊ መነጽር ወይም ደህና ካሜራ ያለው ስልክ። ለመጀመሪያው ምርመራ አንድ ሰዓት፣ ለጎን ለጎን ንባቡ ደግሞ ግማሽ ቀን ይመድቡ።

ከርዕሱ ገጽ ጀርባ

ይዘቱን ማንበብ አይጀምሩ። መጀመሪያ የርዕሱን ገጽ ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ፤ አምስት ነገር በደብተር ይመዝግቡ፦ አሳታሚ፣ ከተማ፣ ዓመት፣ ተርጓሚ፣ ከየትኛው ቋንቋና ከየትኛው እትም እንደተተረጎመ። አንዱ ከጎደለ «የለም» ብለው ይጻፉ እንጂ ባዶ አይተዉት። በኋላ ሲመለሱ ባዶው ቦታ «አላየሁትም» ይሁን «የለም» መለየት ያቅታል።

እዚህ ላይ በጣም የሚያጋጥመው ችግር የገጹ መጥፋት ነው። ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ሰው ወረቀት ለመቆጠብ ጽሑፍ የሌለባቸውንና «የማይጠቅሙትን» የመጀመሪያ ቅጠሎች ይዘላል። የጠፋ መኖሩን ለማወቅ የገጽ ቁጥሩን ይዩ። የመጀመሪያው ቁጥር ያለበት ገጽ 9 ከሆነ ከፊቱ አራት ቅጠል መኖር አለበት። ሁለት ብቻ ካለ ሁለቱ ወጥተዋል። ይህ ብቻውን ፎርጅድ አያሰኘውም፤ ሆኖም የተቀዳበትን መጽሐፍ እስኪያገኙ ድረስ ስለ አሳታሚው ምንም ማለት አይችሉም።

አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ካለው ያስሉት። አስራ ሦስቱን አሃዞች ከግራ ጀምረው አንዱን በ1፣ ቀጣዩን በ3 እያፈራረቁ ያባዙና ይደምሩ። ድምሩ ለ10 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ለመለማመድ 978-3-16-148410-0ን ይሞክሩ፤ ድምሩ 100 ይመጣል። 978-99944 ብሎ የሚጀምር የኢትዮጵያ ቁጥር ነው፤ 88 የጣሊያን፣ 3 የጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች፣ 0 እና 1 የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነው። በ979-8 የሚጀምሩት የአሜሪካ ናቸው፤ ግለሰቦች በየቤታቸው ሆነው የሚያሳትሟቸው ብዙ መጻሕፍት ይህን ይይዛሉ። ቁጥሩ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ 13 አሃዝ የሆነው ደግሞ በ2007። ስለዚህ «የ1934 እትም» የሚል መጽሐፍ ላይ አይኤስቢኤን ካዩ እጅዎ ላይ ያለው ዳግም ሕትመት ነው። ስሌቱ ልክ ቢመጣ ግን አይታለሉ፤ ቁጥር መውሰድ ምዝገባ ነው፣ ይዘቱን መርምሮ ያጸደቀ የለም።

ማኅተም የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

እዚህ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጠንቃቃ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነውና።

ፕሮቶኮሉን በመጽሐፍ መልክ ያወጣው ሩሲያዊው ሰርጌይ ኒሉስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 በራሱ ሃይማኖታዊ መጽሐፍ ውስጥ እንደ አንድ ክፍል አስገብቶ አሳተመው። የዚያ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ለንደን ወደነበረው የብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ገባ። ቤተ መጻሕፍቱም እንደ ማንኛውም መጽሐፍ የመግቢያ ማኅተም መታበት፦ ኦገስት 10 ቀን 1906፣ በእኛ ነሐሴ 4 ቀን 1898 ዓ.ም.። ከዚያ ወዲህ የመጡ አሳታሚዎች ይህን ማኅተም እንደ ምስክር ወረቀት ይዘው ዞሩ። «ዋናው በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን እዚያ የገባው የቃለ ጉባኤ ዋና ሳይሆን የኒሉስ መጽሐፍ ነው።

ማኅተም የሚመታ ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ማኅተሙ «ይህ መጽሐፍ በዚህ ቀን ደርሶናል» ይላል እንጂ «እውነት ነው» አይልም። ጥቅሙም ቀላል አይደለም፦ መጽሐፉ ከዚያ ቀን በፊት እንደነበረ ያረጋግጣል። «መጽሐፉ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ቀድሞ ተንብዮአል» የሚለው ክርክር የሚንጠለጠለውም በዚሁ ቀን ላይ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

እጅዎ ላይ ባለው ቅጂ ማኅተም ካለ እውነተኛ ቀለም መሆኑን ያረጋግጡ። ቅጠሉን ወደ መስኮት ብርሃን ያንሱና ከጀርባ ይዩ። በእጅ የተመታ ማኅተም ቀለሙ ወረቀቱን ዘልቆ ጥላው ከኋላ ይታያል፤ ጠርዙም አንድ ጎኑ ደምቆ ሌላው ይደበዝዛል። የታተመ የማኅተም ምስል ግን ቀለሙ ከጽሑፉ ቀለም ጋር አንድ ነው፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ነው፣ ከኋላም አይታይም። ምስሉ ከሆነ ማኅተሙ የተመታው በሌላ ቅጂ ላይ ነው።

አሳታሚው ማን ነው፣ ሌላስ ምን አሳተመ?

እ.ኤ.አ. በ1920 መጀመሪያ ፕሮቶኮሉ በእንግሊዝኛ ሲወጣ ርዕሱ «የአይሁድ አደጋ» ነበር። ያሳተመው ኤር ኤንድ ስፖቲስዉድ ነው፤ ይህ ድርጅት የንጉሡ አታሚ የሚል ማዕረግ ነበረው። አንባቢ የድርጅቱን ስም ሲያይ ከመንግሥት የወጣ ሰነድ ቢመስለው አይፈረድበትም። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣም ሜይ 8 ቀን 1920 «ይህ ነገር ይጣራ» የሚል ጽሑፍ አወጣ።

ኤር ኤንድ ስፖቲስዉድ በነገሩ አልቀጠለም። መጽሐፉን የተረከበው ብሪተንስ የሚባል ጥቂት ሰው የሚያውቀው ቡድን ነው። መሥራቹ ሄንሪ ሃሚልተን ቢሚሽ ይባላል፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። በዚያው ዓመት አይሁዳዊው የእንግሊዝ ሚኒስትር ሰር አልፍሬድ ሞንድ በስም ማጥፋት ከሰሱት፤ 5,000 ፓውንድ ካሣ ተፈረደበትና ከእንግሊዝ ወጣ። ቡድኑ ግን ማተሙን አላቆመም። ዛሬ በየድረ ገጹ የሚዞረው የቪክቶር ማርስደን የእንግሊዝኛ ትርጉምም የዚሁ አሳታሚ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው የአሠራር ትምህርት እንዲህ ነው። አንደኛ፣ በደብተርዎ የአሳታሚውን ስም ብቻ ሳይሆን ቅብብሉን ይጻፉ፦ ማን መጀመሪያ አተመ፣ ማን ተረከበ፣ ማን ከማን ቀዳ። ታዋቂ ስም የሚጠቀሰው አንዴ ብቻ ከሆነና ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በማይታወቁ አሳታሚዎች እጅ ብቻ የሚዘዋወር ከሆነ፣ ትልቁ ለምን እንደተወው ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ያንብቡ። «ከዚሁ አሳታሚ» የሚለው የማስታወቂያ ዝርዝር ከመቅድሙ የበለጠ ይናገራል። የግብርና፣ የሕግ፣ የልቦለድ መጻሕፍት ተቀላቅለው ካዩ አሳታሚው ነጋዴ ነው። አስሩም መጽሐፍ በአንድ ሕዝብ ላይ የሚዘምት ከሆነ አሳታሚ ሳይሆን ቅስቀሳ ነው።

በአማርኛ ተተርጉሞ ቢመጣ ተርጓሚው ከየትኛው እትም እንደተረጎመ ላይጽፍ ይችላል። የግርጌ ማስታወሻዎቹንና የክፍሎቹን ንዑስ ርዕሶች ከማርስደን ትርጉም ጋር ያስተያዩ፤ ቅደም ተከተላቸው አንድ ከሆነ ምንጩን አገኙት።

የሦስት አቆጣጠር ወጥመድ

የእኛ አንባቢ ላይ ልዩ ችግር አለ። የፅዮናውያን (ለአይሁድ አገር እንዲመሠረት የሚንቀሳቀሱት) የመጀመሪያ ጉባኤ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ላይ የተደረገው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1897 ነው። የፕሮቶኮሉ ደጋፊዎች ሰነዱ ከዚያ ጉባኤ የወጣ ነው ይላሉ። የኒሉስ መጽሐፍ የወጣበት 1905 ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ 1897 ወይም 1898 ይሆናል። እንግዲህ አንዱ ጽሑፍ «ጉባኤው በ1897»፣ ሌላው «መጽሐፉ በ1897» ቢል አንባቢ ሁለቱ በአንድ ዓመት የሆኑ ይመስለዋል፤ በመሀላቸው ስምንት ዓመት አለ። ባዝል በእኛ ነሐሴ 1889 ነው።

በዚህ ላይ የሩሲያ የያኔው አቆጣጠር ከጎርጎርዮሱ 13 ቀን ወደ ኋላ ነው። ፕሮቶኮሉ ከመጽሐፍም በፊት ዝናምያ በተባለ የሴንት ፒተርስበርግ ጋዜጣ በተከታታይ ወጥቷል፤ አዘጋጁ ፓቬል ክሩሼቫን ነበር። ቀኑ በሩሲያ ከኦገስት 28 እስከ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1903 ነው። ወደ ጎርጎርዮስ ሲለወጥ ከሴፕቴምበር 10 እስከ 20 ይሆናል፤ ስለዚህ ተከታታዩ በእኛ የጀመረው በጳጉሜን 1895፣ ያለቀው በመስከረም 1896 ነው። በደብተርዎ ሁልጊዜ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ መጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው፣ እ.ኤ.አ.፣ ዓ.ም.። ያለ «እ.ኤ.አ.» ወይም ያለ «ዓ.ም.» የተጻፈ ዓመት ካለ አይለውጡት፤ የጥያቄ ምልክት ያድርጉበት።

ጣሊያንኛ መጽሐፍ ከመጣ አራተኛ አቆጣጠር ይጨመራል። ፋሺስቶች ከኦክቶበር 28 ቀን 1922 የሚጀምር የራሳቸው ዘመን ነበራቸው፤ በሮማውያን ቁጥር ከእ.ኤ.አ. ዓመቱ ጎን ያትሙታል። የዘመኑ ቁጥር 16 ከሆነ ከኦክቶበር 1937 እስከ ኦክቶበር 1938 ማለት ነው። ለፈጣን ሒሳብ 1922 ቢደምሩበት እ.ኤ.አ.፣ 1914 ቢደምሩበት ዓ.ም. ያገኛሉ፤ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር ከእ.ኤ.አ.ው አንድ ይቀነሳል፣ ከመስከረም 1 እስከ ኦክቶበር 27 ደግሞ በዓ.ም.ው ላይ አንድ ይጨመራል። ጣሊያን ጅማን የአንድ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ቆይቷል፤ የዘር ሕጎቹን ያወጣውም በ1938 እዚህ እያለ ነው። ፕሮቶኮሉን ጆቫኒ ፕሬዚዮሲ በጣሊያንኛ ያሳተመው ግን ቀደም ብሎ በ1921 ነው።

ጎን ለጎን ማንበብ

ፎርጅዱን የሚያስረው ዋናው ማስረጃ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 ፈረንሳዊው ጠበቃ ሞሪስ ዦሊ የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛን የሚነቅፍ መጽሐፍ ጻፈ። ንጉሠ ነገሥቱን በስም መንካት ስለማይቻል የቀድሞዎቹ የፖለቲካ ጸሐፊዎች ማኪያቬሊና ሞንቴስክዩ በሲኦል ሲከራከሩ አስመሰለ፤ የአምባገነንነትን ዘዴ የሚያስረዳው ማኪያቬሊ ነው። ዦሊ በዚህ 15 ወር ተፈረደበት። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ አይሁድ ምንም የለም። ፕሮቶኮሉ የተቀዳው ከዚህ መጽሐፍ ነው።

ለታይምስ የቁስጥንጥንያ (ኢስታንቡል) ዘጋቢ ለፊሊፕ ግሬቭስ አንድ ሩሲያዊ ስደተኛ ያቀበለው የዦሊ መጽሐፍ ቅጂ ትንሽ ነበር፣ 14 በ9.5 ሴንቲ ሜትር ያህል። የርዕሱ ገጽ የለም። በርካሽ እንደገና ተጠርዟል፤ የቆዳው ጀርባ ላይ «ዦሊ» የሚል አንድ ቃል ብቻ አለ። መቅድሙ ጄኔቫ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1864 ይላል። ልክ ፎቶ ኮፒ ቤት እንደሚቀረው መጽሐፍ የፊት ገጹ ጠፍቷል፤ ቢሆንም አንድ ቃልና አንድ ቀን በቂ ሆኑ። ሙሉው ቅጂ የተገኘው እዚያው ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ታይምስ ከኦገስት 16 እስከ 18 ቀን 1921፣ በእኛ ከነሐሴ 10 እስከ 12 ቀን 1913 ዓ.ም.፣ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አትሞ ከዓመት በፊት ያነሳውን ጥያቄ ራሱ መለሰ።

ሁለቱም መጻሕፍት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ወረቀቱን በቁም ለሁለት ይክፈሉ፤ ከፕሮቶኮሉ ክፍል 7 እና 12ን ይውሰዱ፣ በሌላው ዓምድ የዦሊን ተዛማጅ ቦታ ይጻፉ። ክፍል 7 ከሞላ ጎደል በሙሉ የተቀዳ ነው። በጠቅላላው ከ160 የሚበልጡ ቦታዎች ተቆጥረዋል፤ በዘጠኝ ክፍሎች ውስጥ የተቀዳው ከግማሽ በላይ ነው።

ሲያስተያዩ አንድ ቃል መመሳሰሉ አያስደስትዎ። «ነፃነት»፣ «ሕግ»፣ «ጋዜጣ» የትም አሉ። የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቅደም ተከተል ነው፤ ሐሳቦቹ በዦሊ በተደረደሩበት ተራ መምጣታቸው። ሌላው ያልተለመደ ምሳሌ ነው። ዦሊ ገዢው የሚቆጣጠራቸውን ጋዜጦች ሲገልጽ የሕንዱን አምላክ ቪሽኑን ያመጣል፦ መቶ ክንድ ይኖራቸዋል፣ እያንዳንዱ ክንድ የየራሱን የተለያየ አመለካከት ይይዛል። ፕሮቶኮሉ ክፍል 12 ላይ ያው ቪሽኑ፣ ያው መቶ እጅ፣ ለዚያው ጉዳይ ይመጣል። አይሁዳዊ ሽማግሌ ቃለ ጉባኤ ላይ የሕንድ ጣዖት የሚጠቅስበት ምክንያት የለም፤ ሌባው ጎረቤቱ የለጠፈበትን ምልክት ሳይነቅል ዕቃውን ይዞ ወጣ።

ንባቡ ላይ እያሉ ሁለት ሰበብ ይሰማሉ። «ይሁን፣ ግን የተባለው ሁሉ እየሆነ ነው» የሚለው የመጀመሪያው ነው። አሜሪካዊው የመኪና አምራች ሄንሪ ፎርድም እ.ኤ.አ. በ1921 ያለው ይህንኑ ነው፤ በ1927 ይቅርታ ጠየቀ። መልሱ አጭር ነው፦ ጽሑፉ የተሰፋው በናፖሊዮን 3ኛ ልክ ነው፣ ፕሬስ የሚያፍንና ሕዝብ የሚያታልል ገዢ ባለበት ሁሉ ልኩ ይመጣል። ሁለተኛው «ስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ነፃ ለቆታል» ነው። አሰራጮቹ በተከሰሱበት ጉዳይ የበርን ፍርድ ቤት ሜይ 14 ቀን 1935 ሰነዱ ፎርጅድና የተሰረቀ ጽሑፍ ነው አለ። ይግባኝ ሰሚው ኖቬምበር 1 ቀን 1937 ቅጣቱን የሻረው የተጠቀሰው የብልግና ጽሑፍ ሕግ የፖለቲካ ጽሑፍን አይመለከትም ብሎ ነው። ሰነዱ እውነተኛ ነው አላለም።

የምንጩን ታሪክም ይቁጠሩ። የአንድ ሰነድ አመጣጥ አንድ ነው። ኒሉስ በአንድ እትም ከአንድ ፈረንሳዊ ፍሪሜሶን (የምስጢር ማኅበር አባል) በሴት እጅ ተሰረቀ አለ፤ በ1917ቱ እትም የፅዮናውያን መሪ ቴዎዶር ሄርዝል ባዝል ላይ ያቀረበው ነው አለ። አሥር ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ ባለቤቱ ተለወጠ።

ለመለማመጃ ሁለት አጫጭር

እስራኤል ኮኸን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1912 ለእንግሊዝ ኮሚኒስት ፓርቲ ጻፈው የሚባል «የዘር ዕቅድ» ጥቅስ አለ፤ በ1957 የአሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር ተነቧል። ፓርቲው የተመሠረተው በ1920 ነው። ምርመራው አለቀ።

ሁለተኛው ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1787 አይሁድን አስመልክቶ አስጠነቀቀ የሚለው ነው። እዚህ የሚጠየቀው «ለመጀመሪያ ጊዜ የት ታተመ?» ነው፦ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1934፣ የአሜሪካዊው የናዚ ደጋፊ የዊልያም ዳድሊ ፔሊ መጽሔት ላይ። ለ147 ዓመት ማንም አላየውም ማለት ነው። የታሪክ ምሁሩ ቻርልስ ቢርድ ፈልጎ ምንም ዱካ አላገኘም። ፍራንክሊን ራሱ በ1788 ለፊላደልፊያ ምኩራብ ገንዘብ አዋጥቷል።

መጽሐፉን ምን እናድርገው?

አይቅደዱት፣ አያቃጥሉት። የጠፋ መጽሐፍ «ያልፈለጉት እውነት ስለሆነ ነው» ለሚል ሰው ምቹ ነው፤ ተማሪም የሚያስተያየው ቅጂ ያጣል። ክፍት መደርደሪያ ላይም አይተዉት፤ ጠረጴዛዎ አጠገብ ባለው ዝግ መደርደሪያ ያስቀምጡና በማንበቢያ ክፍል ብቻ ይስጡ።

ካታሎግ ላይ ስሕተት የሚሠራው ደራሲው ቦታ ነው። «የጽዮን ሽማግሌዎች» ብለው ከጻፉ ፎርጅዱን ራስዎ አጸደቁት፤ በርዕሱ ብቻ ያስገቡት። በዲዊ አመዳደብ 305.8924 ስር፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ዲኤስ 145 ስር ይግባ። 296 ስር፣ ከይሁዲ ሃይማኖት መጻሕፍት ጋር፣ ፈጽሞ አይግባ።

ነጋዴ ከሆኑ ለማን እንደሚሸጡ ይወቁ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሃይማኖት ወይም በዘር ላይ የጥላቻ ንግግር በሕትመት ማሰራጨትን ይከለክላል፤ ለትምህርትና ለምርምር የሚደረገውን ግን ለይቶ ያስቀምጣል። አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት መስጠትና ሃምሳ ቅጂ ጠርዞ በር ላይ መደርደር አንድ አይደለም። ጥረዛ ቤትም «ደንበኛ ያመጣው ነው» ብሎ ብዛቱን ሳይጠይቅ አይቀበል።

መጽሐፉ ውስጥ የሚገባው የማስጠንቀቂያ ወረቀት አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃዋል። ቃሉ እንዲህ ይሁን፦

«ይህ መጽሐፍ ፎርጅድ ነው። ብዙው ክፍል ሞሪስ ዦሊ እ.ኤ.አ. በ1864 በናፖሊዮን 3ኛ ላይ ከጻፈው መጽሐፍ የተቀዳ ነው። መቀዳቱ በለንደኑ ታይምስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1921 ተጋልጧል። የዦሊን መጽሐፍ ከዚህ ጋር ይጠይቁ።»

ወረቀቱን በርዕሱ ገጽና በሽፋኑ መካከል ያስገቡ፤ በሙጫ አይለጥፉ፣ በስፒልም አይያዙ። በጅማ ክረምት ስፒል በአንድ ወቅት ዝጎ ሁለቱንም ቅጠል ያበላሻል። መጽሐፉ ላይ የሚጻፈው የመደርደሪያ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም በእርሳስ።